ከእኔ በፊት ማን ነካው?

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የፊት ቀኝ እግሩን መፍታት ስጀምር ባለቤቴን "ለምሳ እደርሳለሁ" ብያት ነበር። ይኼን የምጽፈው ሰኞ ማታ ነው። መኪናው አሁንም ግቢው መሃል፣ በክሪክና በሁለት የባሕር ዛፍ ጉማጅ ላይ፣ እንደተመታ ውሻ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቆሟል። ክረምት ስለሆነ የተከፈተውን ቦታ በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። የወረደው ዕቃ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ትሪ ላይ ተደርድሯል። ትሪው የቡና ትሪ ነው። ስለ ትሪው ቤት ውስጥ የተባለውን እዚህ አልደግመውም።

አሮጌ ላንድ ክሩዘር ያለው ሰው ይኼን ሲሰማ "ምን ሆነ?" አይልም። "የቱ ጋ ያዘህ?" ነው የሚለው። መያዙን ያውቀዋላ። ሁላችንም ቅዳሜ ጠዋት በንጹሕ ቱታ እንጀምራለን። ሁላችንም ሰኞ ጥፍራችን እንደጠቆረ በታክሲ ሥራ እንገባለን።

የእኔው እ.ኤ.አ. የ1993 ሥሪት ነው፤ 75 የሚሉት ረጅሙ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያይ አግዳሚ ወንበር ያለው። ሞተሩ 1 ኤች ዜድ ነው፦ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። በጉብዝናው ወራት የእርዳታ ሥራ ላይ እንደነበር በሩ ላይ ከቀለሙ ሥር ብቅ የሚለው የተፋቀ አርማ ይመሰክርበታል። ከዚያ በጨረታ ወጣ። አንድ የእህል ነጋዴ ገዛው፤ ከነጋዴው አስጎብኚ ወሰደው፤ ከአስጎብኚው እኔ። የስም ዝውውሩ ወረቀት የሚነግረኝ ይኼን ብቻ ነው። በእነዚህ ሠላሳ ምናምን ዓመታት ቁልፍ ይዘው ከሥሩ የገቡት እነማን እንደነበሩ ግን የትም አልተጻፈም። እሮሮዬ ከእነሱ ጋር ነው።

ሰው ሁሉ "አሮጌ መኪና ያስቸግራል" ይላል። እኔን መኪናው አላስቸገረኝም። ቶዮታ ይኼን 70 የተባለ ዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ጀምሮ ዛሬም ድረስ ይሠራዋል፤ የሚሠራውም በምክንያት ነው። ወፍራም ሻንሲ፣ ባሌስትራ፣ ጥቂት ሽቦ። የእኔው ሞተር ኮምፒውተር የሚባል አያውቅም። በራሱ ጊዜ ያረጀ ዕቃ በወጉ ነው የሚያረጀው። ኩሽኔታው ያልቃል፣ ይጮኻል፣ ይቀየራል። ጎሚኒው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቀየራል። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የእኔም ጉልበት እንደዚያው ነው። አንጀቴን የሚያሳርረው ያለቀው ቦታ ሳይሆን "የተሠራው" ቦታ ነው።

የቅዳሜው ነገር እንዲህ ነው። ከፊት ቀኝ ጎማ በስተውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት መንጠባጠብ ከጀመረ ሰንብቷል። ለማያውቀው ላስረዳ። የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል ክብ ብረት አለ። በውስጡ፣ ጎማው ሲታጠፍም ቢሆን ኃይል ሳያቋርጥ የሚያስተላልፍ መገጣጠሚያ ተቀብሯል፤ ጥቁር ግሪስ ተጠቅጥቆበት ይኖራል። የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደዚያ እንዳይሻገር የምታግደው አንዲት ኦይል ሲል ናት። እሷ ስታልቅ ዘይቱ ይሻገራል፣ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ሁለቱ ተዋሕደው ሾርባ ይሆናሉ፤ ሾርባውም ከጀርባ እየወረደ ጎማውን ያለብሰዋል። እሷ ጋ ለመድረስ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ሞዞው፣ ኩሽኔታዎቹ፣ በመጨረሻም ያ የሚታጠፈው ብረት ራሱ በየተራ መውረድ አለባቸው። የአንድ ቀን ሥራ ነው ይባላል። ዩቲዩብ ላይ አንድ አውስትራሊያዊ ሻዩን እየጠጣ በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

እነዚህ አውስትራሊያውያን ራሳቸውን የቻሉ እሮሮ ናቸው። እዚያ አገር ይኼ መኪና የእርሻና የማዕድን ማውጫ መኪና ነው፤ በብዛት አላቸው፣ ያውቁታል፣ ያስተምሩናል፣ ይመስገኑ። ግን ጋራዣቸው ከእኔ ሳሎን ይጸዳል። ብሎን በሁለት ጣት ይፈታላቸዋል። አንዳቸውም እንኳ መሃል ላይ ቆም ብለው "ይኼኛው ዳዶ ከሌሎቹ አምስቱ ለምን ይለያል?" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አይለይባቸውማ።

የእኔው ይለያል። ሞዞው ላይ ከፊት የሚታዩት ስድስት ዳዶዎች ናቸው። ሦስቱ በአንድ ቁልፍ ተፈቱ፣ ሁለቱ ሌላ ቁጥር ጠየቁ፣ ስድስተኛው ዳዶ መሆኑን ትቶ በብየዳ ተጣብቆ ነበር። ከእያንዳንዳቸው ሥር ደግሞ ጎኗ የተሰነጠቀ ሾጣጣ ቀለበት አለች፤ እንደ ሽብልቅ ገብታ የምትነክስ። እሷን በጉልበት ማውጣት አይቻልም። ሞዞውን ከጎን በመዶሻ ኳ ኳ ሲያደርጉት ራሷ ፈንጠር ብላ ትወጣለች፤ ሲያዩት እንዲያውም ደስ ይላል። ይኼን ያልሰማ ሰው ግን ካቻቢቴ ሰክቶ ይፈለቅቃታል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አልሰማም። ስድስቱም ጠርዛቸው አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል።

ቀጥሎ ትልቁ ዳዶ ይመጣል፤ ኩሽኔታዎቹን በልካቸው ጨምቆ የሚይዘው። 54 ቁጥር ነው። እንዲያውም ሁለት ናቸው፦ ውስጠኛው ልኩን ይይዛል፣ ውጨኛው ይቆልፈዋል፣ በመሃላቸው ጠርዟ የሚታጠፍ ስስ ቀለበት አለች። ፋብሪካው ያሰበው ጥልቅ የሆነች 54 ቡሶላ ገብታ እንድትፈታው ነው። የእኛ ልማድ መሮና መዶሻ ነው። መሮው ዳዶው ጠርዝ ላይ ይደገናል፣ ይመታል፣ ዳዶው እያለቀሰ ይዞራል። ሲመለስም በዚያው መንገድ ተመትቶ "ጠበቀ" ይባላል። በመኪናው ዕድሜ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተፈታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መዝገብ ማገላበጥ የለበትም፤ ጠባሳውን መቁጠር ነው። የእኔው ላይ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ። አሥሩ ዝገው ጠቁረዋል። አንደኛው ገና ያብረቀርቃል።

በመሮ የጠበቀ ዳዶ ልክ የለውም። ከሚገባው በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይግላል፣ ግሪሱ ይቀልጣል፣ ሞጆ ሳትደርስ ይነክሳል። ከላላ ደግሞ ጎማው ይወላወላል። ባለቤቱ መሪው ነው ብሎ መሪውን ያስፈታል፤ የመሪው ሠራተኛ ባሌስትራው ነው ይላል፤ የባሌስትራው ሠራተኛ ጎማው ሚዛን አጥቶ ነው ብሎ ወደ ጎሚስታው ይልካል። አንድ መሮ ስንት ሰው እንደሚያበላ አስቡት።

ይኼ ግን ቢያንስ የድካም ጥፋት ነው፤ መሣሪያ ያጣ ሰው ያደረገው። ልረሳው ያልቻልኩት ሌላ ነው። መኪናውን በገዛሁ ሰሞን የቆጣሪው መብራት ደብዝዞ ዳሽቦርዱን ከፈትኩ። የዚህ ሞተር ታይሚንግ የሚዞረው በጎማ ቺንጋ ነው። ቺንጋው እየሄዱ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚገናኙት ባለቤቱና ቴስታታ ሠሪው ናቸው። ስለዚህ ፋብሪካው 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ "ቺንጋ ቀይር" የምትል መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ እንድትል አድርጓል። ቺንጋው ሲቀየር ከቆጣሪው ጀርባ ያለች ትንሽ ብሎን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ትዛወራለች፣ መብራቷም እስከሚቀጥለው ትጠፋለች። የእኔዋ ብሎን ከፋብሪካ ከወጣች ቦታዋን ለቃ አታውቅም። አምፖሏ ግን የለችም። አንድ ሰው ያቺን መብራት አየ፣ ምን ማለት እንደሆነች ጠየቀ፣ ተነገረው፤ ከዚያ ቺንጋውን ትቶ አምፖሏን ነቀለ። ቤቱ ጭስ ቢሸተው አፍንጫውን ይዞ የሚተኛ ሰው መሆን አለበት። ቺንጋውን ሳወጣው ከጥርሶቹ ሥር እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር። ወደ እኔ የመጣው በዚያ ቺንጋ ነው፤ ልጆቼን ጭኜ ላንጋኖ ደርሼ የተመለስኩትም በዚያው ነው።

ሽቦውን አልተርክም። በአጭሩ ብቻ ልተርክ። የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ በፊውዝ ቦታ የተጠቀለለ የሲጋራ ብርማ ወረቀት አገኘሁ። ሌላ ሰው ደግሞ ከጎኑ ቀጭን ሽቦ ጨምሮበታል፤ ወረቀቱን አላመነውም መሰለኝ። ማርሽ ወደ ኋላ ሳስገባ ሬዲዮው የሚጠፋው ለምን እንደሆነ አራት ዓመት ፈልጌ አላገኘሁም። አሁን ለምደነዋል፤ ባለቤቴ ዜናው ድንገት ሲቋረጥ ከኋላ ሰው እንዳለ ዞራ ታያለች።

ዕቃ ፍለጋው የራሱ ቀን አለው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ያልዞረ ባለ አሮጌ መኪና የለም፤ ለዚያ ሰፈር ክብር አለኝ። ሌላ ቦታ ቁርጥራጭ ብረት የሚባለው ሁሉ እዚያ ስምና ዓመተ ምሕረት አለው። ዕቃውን በጣታቸው ዳስሰው ከየትኛው መኪና እንደወረደ የሚነግሩ አባት አውቃለሁ። እኔን የምታደክመኝ "ያው ነው" የምትባለው ቃል ናት። ባለፈው ዓመት የፊት ሞዞ ፈልጌ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ አንድ ሱቅ ገባሁ።

"የ75 ሞዞ አለ?"

"የ78 አለ።"

"የ75 ነው የምፈልገው።"

"ያው ነው ወንድሜ።"

ያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ከፊት ያለው ባሌስትራ ወጥቶ ሞላ ገባ፤ የጎማው ብሎንም ከስድስት ወደ አምስት ወረደ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው፤ ከሥር ግን የአጎት ልጆች ናቸው። ሞዞውን አንስቼ የብሎን ቀዳዳዎቹን ጮክ ብዬ ቆጠርኩለት። አምስት። ልጁ ምንም አላፈረም።

"ስድስተኛዋን ቶርኖ ቤት ያወጡልሃል።"

የኩሽኔታው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይረቃል። ሣጥኑ ጃፓን ይላል፣ ላስቲኩ ጃፓን ይላል፤ ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን በአውራ ጣት ሲታሽ ይለቃል። "ኦርጅናል ነው?" ብለህ ስትጠይቅ "የቱን ኦርጅናል ነው የምትፈልገው?" ትባላለህ። የጃፓን ኦርጅናል አለ፣ የዱባይ ኦርጅናል አለ፣ ፈርስት ኮፒም አለ። ኦርጅናል ማለት አንድ ብቻ ይመስለኝ የነበረው የዋህነቴ ነው። በሐሰተኛ ኩሽኔታ የተሠራ እግር በሦስት ወሩ ይጮኻል፤ ያኔ ሻጩን ትተህ ራስህን ነው የምትጠረጥረው፤ ግሪስ አሳንሼ ይሆን? አጥብቄው ይሆን? ቅዳሜህን ለሁለተኛ ጊዜ ትከፍላለህ።

ስለ ዋጋ ማውራት እርስ በርስ ማሳቀቅ ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ቆሞ የከረመ ዕቃ ሁሉ አብሮ ነቃ። ባለፈው ሳምንት የገዛኋትን ኦይል ሲል ልጁ ከላይኛው መደርደሪያ አውርዶ አቧራዋን እፍ አለላት። ላስቲኳ ቢጫ ሆኗል። ዋጋዋን ሲነግረኝ፣

"ይቺ እኮ ከዶላሩ በፊት የገባች ናት" አልኩት።

"የምትወጣው ግን ከዶላሩ በኋላ ነው" አለኝ።

መልስ አጥቼ ከፈልኩ።

ቤት ውስጥ መሥራት ያዋጣል የምንለው ለራሳችን ነው። የጉልበቱን ዋጋ አንቆጥርም፤ የቤተሰቡንማ ጨርሶ። የፍሬን አየር ማስወጣትን ያስተዋወቀኝ ሰው የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን ነግሮኝ ነበር፤ ሁለተኛው ሰው ማን እንደሚሆን አልነገረኝም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ናት። እሷ መሪው ጋ ትቀመጣለች፣ እኔ ከሥር ተጋድሜ ከሩቁ፣ ከኋላ ቀኝ እጀምራለሁ። "ርገጪ! ርገጪ! ያዢ!" እላለሁ። ብሎኗን ላላ አደርጋለሁ፤ የፍሬን ዘይት ከነአረፋው በቱቦው ይወጣል። "እንዳትለቂ!" እላለሁ። ትለቃለች። የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። እንደገና። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከላይ "አባዬ፣ ይኼ መኪና ይተነፍሳል እንዴ?" የሚል ድምፅ መጣ። ይኼን ሥራ በአባቱ ጩኸት ያልተማረ የባለ አሮጌ መኪና ልጅ ያለ አይመስለኝም፤ ካደጉ በኋላ ለምን ኤሌክትሪክ መኪና እንደሚወዱ ማንም አይጠይቃቸው።

ይኼ ሁሉ አልበቃ ብሎን ደግሞ ማሻሻል የሚባል አባዜ አለብን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ነጋዴው ጭነት ሲበዛበት የኋላ ባሌስትራው ላይ ሁለት ቅጠል አስጨመረ፤ ያውም ከአይሱዙ የወረደ። መኪናው ባዶውን ሲሄድ ከኋላው ተነስቶ፣ አፍንጫውን ደፍቶ፣ የጠፋበትን ሳንቲም የሚፈልግ ይመስላል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የአስፋልቱን ስንጥቅ አንድ በአንድ በወገቡ ይቆጥራል። አማቴን አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን ድረስ ወስጃቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ይሻለኛል ይላሉ። ቅጠሎቹን ለማውጣት ሞክሬያለሁ። መሃል ላይ ያለችው ማሠሪያ ብሎን ዝጋ ከባሌስትራው ጋር አንድ አካል ሆናለች።

አስጎብኚው በበኩሉ ለመልክ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ፖርቶመጋላ፣ ከፊት ረድፍ መብራት፣ በቀኝ በኩል እስከ ጣሪያው የሚወጣ ስኖርክል። ስኖርክል ያለው መኪና ወንዝ ሲሻገር አየሩን ከላይ ይስባል፤ ውኃ ወደ ሞተሩ አይገባም። ከገዛሁት ከአንድ ዓመት በኋላ የአየር ማጣሪያውን ሳጸዳ ቱቦውን ተከትዬ ሄድኩ። ስኖርክሉ ፓራፋንጎው ጋ ሲደርስ አለቀ። ከአየር ማጣሪያው ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር አልነበረም፤ ፓራፋንጎው እንኳ አልተበሳም፤ በአራት ብሎን የተለጠፈ ጌጥ ነበር። ሰውየው በዚህ መኪና እንግዶች ይዞ ደቡብ ኦሞ ይመላለስ እንደነበር ሲሸጥልኝ በኩራት ነግሮኛል። ያሻገራቸው አምላክ ነው።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ፋብሪካው የሰጠው ጎማ 7.50 በ16 ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ የገበሬ ጫማ የመሰለ። እኔ ሰፋ ያለ አማረኝና 285 አስገባሁ። አሁን መሪውን ጨርሼ ስጠመዝዝ ጎማው ባሌስትራውን ይልሳል። ፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ያሳየኛል። መሪው ስለከበደኝ መኪና ማቆም ስፖርት ሆኗል። ማርሹና ዲፈረንሻሉ እንደነበሩ ስለሆኑ ዳገት ላይ የነበረችውን ጥቂት አቅም ከራሴ ላይ ቀንሻለሁ። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከፍያለሁ። ቀጭኖቹን ጎማዎች ወዲያው ሸጥኳቸው፤ የገዛኝን ሰው ዓይኑ ሲስቅ ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሰው ሁሉ "ኖዝሉን አሠራው" ይለኛል፤ አሠርቻለሁ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ናፍጣውን በሙሉ ይቀበላል፣ አየሩን ግን ሦስት እጁን ብቻ ያገኛል። የተረፈው ናፍጣ ጭስ ነው። "እንግዲያው ቱርቦ አስገባበት!" የሚለው ምክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቶዮታ ቱርቦ ሲያስብ ለቱርቦ የሚሆን ሌላ ሞተር ሠርቷል፤ ለዚህኛው አላሰበለትም። አንድ የማውቀው ሰው አስገባበት፤ ስምንት ወር እንደ ነብር ሄደ፤ በዘጠነኛው ወር ፒስተኑን በእጁ ይዞ አሳየኝ። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ ለቦሎ ምርመራ ስወስደው ሌሊቱን ጸልዬ፣ የጎረቤት እሳት ማጥፊያ ተውሼ፣ መንገዱን ሙሉ በከፍተኛ ዙር አስሩጬ ጉሮሮውን ጠርጌለት ነው የምገባው።

ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ለቅሶ ቤት ማለት ነው፤ ማንም ሳይጠራ ይመጣል። ቅዳሜ ከበራፉ ስድስት ሰው ቆጥሬያለሁ። አንደኛው የወረደውን ጎማ እያየ "ናፍጣ አልደረሰው ይሆናል" አለ። ሌላው፣ ጡረተኛ ጎረቤታችን፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩ በኋላ "ልጄ፣ ይኼን ሞተር አትንካው" አሉኝ፤ ሞተሩን አልነካሁም ነበር። "እሺ ጋሼ" አልኳቸው። ቡና ሲፈላ ሁሉም ቀሩ። ትሪው ግን አልነበረም።

ከእነሱ ይልቅ የሚከብደኝ "ለምን አትሸጠውም?" የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ገልበጥ ብሎ "እንዳትሸጠው፣ ወርቅ ላይ ነው የተቀመጥከው" ሆኗል። ወርቅ ላይ የተቀመጠ ሰው ሰኞ በታክሲ አይሄድም። ብሸጠውስ ምን ልግዛበት? የሌላ ሰው አሮጌ መኪና? ይኼኛውን ቢያንስ የማን እጅ የት እንደገባ አውቄዋለሁ። ሌላው ጋ ሄጄ እንደገና "ከእኔ በፊት ማን ነካው?" እያልኩ መጀመር አልችልም።

አሁን ወደ ዳዶው ልመለስና ያልጨረስኩትን ልጨርስ። አሥሩ ጠባሳ ዝገዋል፤ አንደኛው ያብረቀርቃል ብዬ ነበር። የሚያብረቀርቀው የእኔ ነው። ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ዝናቡ ሊጥል ደመናው ጠቁሮ ሳለ፣ መሮ ይዤ መታሁት። 54 ቡሶላ የለኝም ብዬ አይደለም። አለኝ፤ በሰው እጅ ከውጭ አስመጥቼ። ሰፈራችን ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ስለሆነች እንደ እድር ድስት ስትዞር ነው የምትውለው። ባለፈው ጥር ለአንድ ወዳጄ አዋስኩ፤ እሱ ለአጎቱ ልጅ ሰጠ፤ የአጎቱ ልጅ "መልሻለሁ" ይላል፤ ለማን እንደመለሰ አያስታውስም። ነገ ይኼን መኪና የሚገዛ ሰው አሥራ አንደኛውን ጠባሳ አይቶ የሚረግመው እኔን ነው። ይርገመኝ።

ስለዚህ ባለ 75 ሆነህ፣ ቤትህ ውስጥ ቀይ ቀለም ጫፏ ላይ የተቀባ 54 ቡሶላ ያለችህ ወንድሜ፣ የእኔ ናት፤ እባክህ እስከ እሁድ አድርስልኝ። አዲሱ ኩሽኔታ ተቀብቶ ተቀምጧል። ዳዶውን በመሮ መፍታት ፈትቼዋለሁ፤ በልኩ ማጥበቅ ግን በመሮ አይሆንም። ደግሞም ክሪኩ የጎረቤት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።